የኤምጂቢ ሞተር በምን ይተካ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዝ አገር አቢንግደን ከተማ ስለተሠራው ቀላል ስፖርት መኪና፣ ስለ ኤምጂቢ፣ ባለቤቶችና ገዢዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ቀርበዋል፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤምጂቢ ከፋብሪካ የወጣው በምን ሞተር ነው?

መደበኛው ኤምጂቢ ቢ ሲሪስ ተብሎ በሚጠራው ባለ አራት ሲሊንደር፣ 1798 ሲሲ ሞተር የሚሠራ ነው። ብሎኩም (የሞተሩ ዋና አካል) ቴስታታውም (ብሎኩን ከላይ የሚከድነው ክፍል) ጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ የተቀዳ ብረት፣ ሲሆኑ፣ በሁለት ኤስዩ ካርቡሬተር እየተመገበ 95 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይሰጣል። መኪናው 920 ኪሎ ግራም አካባቢ ስለሚመዝን ይህ ጉልበት በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬደዋል፤ ዛሬም ቢሆን ለረጅም መንገድ አያሳፍርም።

ሞተሩ ግን በየዘመኑ አንድ ዓይነት አልነበረም። እስከ 1964 መኸር ድረስ ክራንክ ሻፍቱ (የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ) በ3 ዋና ኩሺኔታዎች (ዘንጉን የሚደግፉ መዞሪያዎች) ላይ ይዞር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራው 5 ስላለው ይበልጥ ጠንካራ ነው። ከ1975 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የተላከው ደግሞ የጭስ ደንብን ለማሟላት በአንድ ዜኒት-ስትሮምበርግ ካርቡሬተር ተወስኖ ጉልበቱ ወደ 62 ወርዷል። አሜሪካ ውስጥ የኋለኛውን ዘመን ኤምጂቢ የገዛ ሰው ሞተሩ ደክሟል ብሎ ከመፍረዱ በፊት ይህን ማወቅ ይኖርበታል፤ ብዙ ጊዜ ካርቡሬተሩንና ማርሚታውን በማስተካከል ብቻ የጠፋው ጉልበት አብዛኛው ይመለሳል።

መኪናዬ ላይ ያለው ሞተር የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

በብሎኩ ቀኝ ጎን፣ ወደ ላይኛው ጠርዝ፣ የሞተሩ ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ ብረት ተለጥፏል። ቁጥሩ በ18ጂ ወይም በ18ጂኤ የሚጀምር ከሆነ ባለ 3 ኩሺኔታው ነው፤ 18ጂቢ የመጀመሪያው ባለ 5 ኩሺኔታ ሲሆን፣ 18ጂዲ፣ 18ጂጂና 18ቪ የኋለኞቹ ናቸው። ብረቱ ከሌለ ወይም ከመኪናው ዘመን ጋር የማይሄድ ከሆነ፣ ሞተሩ ከዚህ ቀደም ተቀይሯል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ነገር የተለመደ ስለሆነ ሊያስደነግጥዎ አይገባም፤ ዕቃ ከማዘዝዎ በፊት ግን በእጅዎ ያለው የትኛው እንደሆነ በትክክል ይወቁ።

ሞተሩ በእርግጥ ማለቁን እንዴት ላረጋግጥ?

ኮምፕሬሽኑን ያስለኩ። ሞተሩ ሞቅ ካለ በኋላ አራቱንም ካንዴላዎች አውጥቶ፣ የቤንዚን ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጦ፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ መለኪያውን ሰክቶ በሞተሪኖ ማዞር ነው። አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ ከ10 በመቶ በላይ ካነሰ፣ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ንባቡ ከፍ ካለ ያለቀው የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ ነው፤ ካልተነቃነቀ ግን ችግሩ ያለው ቫልቮላው ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ላይ ነው። ሁለተኛው ከሆነ ቴስታታውን ብቻ አውርዶ ማሠራት ይበቃል፤ ሞተር መቀየር የሚያስብል ነገር የለም።

የዘይት ግፊቱም ብዙ ይናገራል። ሞተሩ ሞቆ በጉዞ ላይ ሳለ መለኪያው ከ50 እስከ 80 ፒኤስአይ ማሳየት አለበት። ሲሞቅ ከዚህ በእጅጉ የሚወርድና ከሥር ድም ድም የሚል ድምፅ የሚሰማ ከሆነ የክራንክ ሻፍቱ ኩሺኔታዎች ተበልተዋል፤ ሞተሩ መውረዱ የማይቀር ነው።

የራሱን ሞተር ማሳደስ ይሻላል ወይስ ሌላ መግጠም?

ለአብዛኛው ባለቤት ማሳደስ ይሻላል፤ ይህን የምለው ለፋብሪካው ታሪክ በመቆርቆር ብቻ አይደለም። የቢ ሲሪስ መለዋወጫ ዛሬም እንደ ልብ ይገኛል፤ ሥራውንም ማንኛውም ጥሩ ሪቦር ቤት (ሲሊንደር የሚያሰፋና ሞተር የሚያድስ ጋራዥ) ይወጣዋል፤ ሲገጠም ደግሞ እያንዳንዱ ብሎን የራሱን ቦታ ያገኛል። ሌላ ሞተር የመረጠ ሰው ሞተሩን በርካሽ ቢያገኝ እንኳን ለማቀፊያው፣ ለካምቢዮው፣ ለራዲያተሩ፣ ለማርሚታውና ለኤሌክትሪኩ የሚያወጣው ገንዘብ ከሞተሩ ዋጋ ደጋግሞ ይበልጣል።

ማሳደስ ማለትም ያንኑ 95 የፈረስ ጉልበት ተቀብሎ መኖር ማለት አይደለም። ሲሊንደሩን አስፍቶ መጠኑን ወደ 1950 ሲሲ ማድረስ በደንብ የተለመደ ሥራ ነው፤ ከተስተካከለ ቴስታታና ካምሻፍት (ቫልቮላዎቹን የሚከፍተው ዘንግ) ጋር ሲሆን መኪናው ሌላ ይሆናል። ቴስታታው ሲሠራ የጭስ መውጫ ቫልቮላዎቹ መቀመጫ በጠንካራ ብረት እንዲተካ ይዘዙ፤ የመጀመሪያው መቀመጫ እርሳስ ላለበት ቤንዚን የታሰበ ስለነበር በዛሬው ቤንዚን ቀስ በቀስ ይበላል። ዘይቱም የካምሻፍቱን ገጽ የሚጠብቅ በቂ ዚንክ ያለው መሆን አለበት።

የቢ ሲሪስ ወሰኑ ያለው ቴስታታው ላይ ነው። አራቱ ሲሊንደሮች አየርና ቤንዚን የሚስቡት በሁለት የጋራ ቀዳዳዎች ብቻ ስለሆነ፣ ከተወሰነ ደረጃ በላይ ጉልበት መጠየቅ የሞተሩን ለስላሳነትና ዕድሜ ያስከፍላል። ከ130 የፈረስ ጉልበት በላይ የሚፈልግ ሰው ሌላ ሞተር ቢያስብ ምክንያት አለው።

ከሌላ መኪና የወጣ ቢ ሲሪስ በቀጥታ ይገጥማል?

ብሎኩ ይገጥማል፤ በዙሪያው ያለው ግን ላይገጥም ይችላል። ከ1967 መጨረሻ ጀምሮ አንደኛ ማርሹም ሲንክሮናይዘር ያለው አዲስ ካምቢዮ ስለገባ፣ የሞተሩ የኋላ ሳህን፣ ቮላኖው (በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ የሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት) እና ሞተሪኖው አብረው ተለውጠዋል። ስለዚህ ከኋለኛው ዘመን መኪና የወጣ ሞተር ወደ ቀድሞው ሲገባ ከነባሩ ሞተር ላይ እነዚህን ዕቃዎች ማዛወር ያስፈልጋል። የ18ጂና የ18ጂኤ መኪኖች የሞተር ዙር መለኪያ በገመድ ከሞተሩ የሚነዳ መሆኑም ይረሳል፤ በኋለኞቹ ሞተሮች ላይ ለገመዱ የሚሆን መውጫ የለም።

በሞሪስ ማሪና 1.8 ላይ የነበረው ሞተርም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነውና በማስተካከያ ይሆናል። የኦስቲን 1800 ሞተር ግን ወደ ጎን ተጋድሞ፣ የፊት እግርን እንዲነዳ የተሠራ ስለሆነ ድካሙ አያዋጣም።

ስለ ክብደት ይህን ያህል የሚወራው ለምንድን ነው?

መልሱን ራሱ ፋብሪካው ሰጥቶታል። በ1967 ኤምጂሲ የተባለውን መኪና ሲያወጣ፣ በኤምጂቢ አካል ውስጥ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 2912 ሲሲ፣ 145 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ከተተበት። ሞተሩ ከቢ ሲሪስ በ95 ኪሎ ግራም ገደማ ይከብድ ነበር። ረጅም ስለነበረ ራዲያተሩ ወደፊት ተገፋ፣ ኮፈኑ ላይ ጉብታ ወጣ፣ የፊት እግር ሥርዓቱም እንዳለ ተቀይሮ በቶርሽን ባር (እየተጠማዘዘ እንደ ስፕሪንግ በሚሠራ ዘንግ) ተተካ። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መኪናው ፈጣን ነበር፤ ኩርባ ላይ ሲደርስ ግን አፍንጫው ወደ ውጭ ይገፋል፣ መሪውም ይከብዳል። የዘመኑ ጋዜጠኞች ነቀፉት፤ ምርቱም ወደ 9 ሺህ ገደማ ከደረሰ በኋላ በ1969 ቆመ።

ከዚህ የሚወጣው መመዘኛ ለማንኛውም ቀላል ስፖርት መኪና ይሠራል። ከሚያስቡት ሞተር የፈረስ ጉልበት በፊት ክብደቱን ይጠይቁ፤ ክብደቱም ከነሞተሪኖው፣ ከነዲናሞው፣ ከነካምቢዮው ይሁን። ቀጥሎ ደግሞ ያ ክብደት ከፊት ጎማዎች መሃል መስመር ወደፊት ነው ወይስ ወደኋላ የሚያርፈው የሚለውን ይጠይቁ። ያው ኪሎ ወደ ነጂው ሲጠጋ መኪናው በቀላሉ ይታጠፋል፤ ወደ መብራቶቹ ሲጠጋ ይገግማል።

ታዲያ ቪ8 እንዴት ሊስማማው ይችላል? ይበልጥ አይከብድም ወይ?

አይከብድም፤ ብዙ ሰው ሲሰማ የሚገረመውም በዚህ ነው። ቪ8 ማለት ስምንት ሲሊንደሮቹ በሁለት ረድፍ በቪ ቅርጽ የተደረደሩ ሞተር ነው። የእንግሊዙ መኪና ሠሪ የሮቨር ቪ8 መሠረቱ የአሜሪካው ቢዊክ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው አሉሚኒየም ሞተር ሲሆን፣ ሮቨር መብቱን ገዝቶ በራሱ መኪኖች ላይ አዋለው። ብሎኩም ቴስታታዎቹም አሉሚኒየም ስለሆኑ፣ 3528 ሲሲ የሆነው ይህ ሞተር ከጊዛው ቢ ሲሪስ ጋር እኩል፣ እንዲያውም ጥቂት ኪሎ ያነሰ ይመዝናል። አጭር ስለሆነም ወደኋላ ተጠግቶ ይቀመጣል። ይህን አስቀድሞ በሥራ ያሳየው ኬን ኮስቴሎ የተባለ የእሽቅድምድም ነጂ ነበር፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በገዛ እጁ ቪ8 ኤምጂቢዎችን እየሠራ ይሸጥ ነበር። ፋብሪካው ተከትሎት ከ1973 እስከ 1976 ድረስ 137 የፈረስ ጉልበት ያለውንና ጣሪያው ዝግ የሆነውን ኤምጂቢ ጂቲ ቪ8 ሠራ፤ የተመረቱት 2,591 ብቻ ናቸው። ከ1993 እስከ 1995 የወጣው ኤምጂ አርቪ8 ደግሞ 3.9 ሊትር፣ 190 የፈረስ ጉልበት ይዞ ነበር።

ስለዚህ ሌላ ሞተር ለመግጠም የቆረጠ ሰው መጀመሪያ ሊያስብ የሚገባው ሮቨር ቪ8ን ነው እላለሁ። የፋብሪካ ታሪክ አለው፤ ማቀፊያው፣ የጭስ ማውጫውና ራዲያተሩ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ከፊትና ከኋላ ከጎማ የተሠራ የግጭት መከላከያ (ባምፐር) ያላቸው የኋለኞቹ ዘመን መኪኖች የሞተር ክፍላቸው ከመጀመሪያው ለቪ8 እንዲመች ሆኖ ስለተሠራ ሥራው ይቀላል። የ1960ዎቹ መኪና ላይ ግን የውስጥ ጭንፍሩን (የሞተሩን ክፍል ከፊት ጎማው የሚለየውን ቆርቆሮ) መቁረጥ ወይም መቀጥቀጥ ይመጣል፤ በተለይ የጭስ ማውጫው ከመሪው ዘንግ ጋር የሚተላለፍበት ቦታ በጣም ጠባብ ነው። ሙቀትም ሁለተኛው ፈተና ነው። ፋብሪካው ራሱ ሁለት የኤሌክትሪክ ፋን የገጠመው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የከተማ መጨናነቅ ውስጥ የሚነዳ ሰው በራዲያተር ላይ መቆጠብ የለበትም።

አሮጌ ሮቨር ቪ8 ሲገዙ የቫልቮላ ክዳኑን አስከፍተው ይመልከቱ። ውስጡ በጥቁር ዝቃጭ ከተሸፈነ ዘይቱ በጊዜው ሳይቀየር የኖረ ነውና ካምሻፍቱ መበላቱን ይጠርጥሩ።

እንደ ማዝዳ ወይም ፎርድ ዜቴክ ያሉ አዳዲስ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮችስ?

በጣም ጥሩ ውጤት ይሰጣሉ፤ ሥራቸው ግን ከቪ8 ይበልጥ ያደክማል። ፍሮንትላይን የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት የኤምጂቢን 50ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ በ2012 ያወጣው መኪና የማዝዳ 2.0 ሊትር ሞተር ነበረው፤ መንገዱ እንደሚያዋጣ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ከ2005 ጀምሮ በማዝዳ ኤምኤክስ-5 ላይ የዋለው ይህ ሞተር ብሎኩ አሉሚኒየም ስለሆነ አፍንጫው ይቀላል። የማዝዳው ካምቢዮ ግን እንደ ሌሎች መኪኖች ከሥሩ የራሱ ማቀፊያ የለውም፤ ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚያያዘው ረጅም የአሉሚኒየም ክፈፍ ነው የሚሸከመው። ኤምጂቢ ላይ ያ ክፈፍ ስለማይገባ አዲስ ማቀፊያ መሠራት አለበት።

የፎርድ ዜቴክ ሞተር ርካሽ ነው፤ ከፎርድ ታይፕ 9 ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ጋርም ከጥቂት ማስተካከያ በኋላ ይጋጠማል። ነገር ግን ወደ ጎን ተጋድሞ እንዲሠራ የታሰበ ስለነበር፣ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ የውሃ መውጫው ከኋላ፣ ከነጂው ክፍል ግድግዳ ጋር ይጋጫል፤ ስለዚህ ቦታው መዛወር አለበት።

ሁለቱም በኮምፒዩተር የሚመሩ፣ ቤንዚኑን በግፊት በሚረጭ ኢንጄክሽን የሚሠሩ ናቸው። የኤምጂቢ ነባር የቤንዚን ፓምፕ ለካርቡሬተር የሚበቃ እጅግ ዝቅተኛ ግፊት ብቻ ስለሚሰጥ፣ 3 ባር ገደማ የሚገፋ ፓምፕና ግፊቱን የሚችል ቧንቧ ያስፈልጋል። እስከ 1967 የተሠሩት ኤምጂቢዎች የባትሪያቸው ፖዘቲቭ ከአካሉ ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ ኮምፒዩተሩ ከመሰካቱ በፊት መገልበጥ አለበት፤ ይህ ከተረሳ ኮምፒዩተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ይቃጠላል። ኢንጄክሽን ከፍታ ቦታ ላይ ለሚኖር ሰው እውነተኛ ጥቅም አለው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው በአዲስ አበባ ማንኛውም ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ካርቡሬተር ከዚህ በተጨማሪ መርፌው ካልተቀየረ ቤንዚን አብዝቶ ካንዴላውን ያጠቁራል፤ ኢንጄክሽኑ ግን ራሱን ያስተካክላል።

በአሜሪካ ስለሚገጠመው ቪ6 ምን ይባላል?

የጄኔራል ሞተርስ 3.4 ሊትር ቪ6፣ በተለይ ከ1993 እስከ 1995 ካማሮ ላይ የነበረው፣ በአሜሪካ ባለቤቶች ዘንድ የተመረጠ ነው። ብሎኩ ጊዛ ቢሆንም አጭር ነው፤ መለዋወጫውም በየሱቁ አለ። የፎርድ 302 ቪ8 የሚያስገቡም አሉ፤ ነገር ግን ጉልበቱ መኪናው ሊሸከመው ከሚችለው በላይ በቀላሉ ያልፋል።

ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉና ፍሬኑ አዲሱን ሞተር ይችሉታል?

ካምቢዮው በመጠኑ ይችላል። ፋብሪካው በቪ8ቱ ላይ ያንኑ ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ አጠናክሮ ቢጠቀምም፣ ኦቨርድራይቩን (በጉዞ ላይ የሞተሩን ዙር የሚቀንሰውን ተጨማሪ ማርሽ) በአራተኛ ማርሽ ላይ ብቻ እንዲሠራ ወስኖታል፤ ምክንያቱ ቶርኩ (የመጠምዘዝ ኃይሉ) ስለበዛበት ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው ለሮቨር ቪ8 የሮቨር ኤስዲ1ን ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ፣ በአሜሪካ ደግሞ ቦርግ-ዋርነር ቲ5ን ይመርጣል።

ዲፈረንሻሉ ጠንካራ ነው፤ ጥምርታው ግን (ጎማው አንዴ ሲዞር ከካምቢዮው የሚመጣው ዘንግ የሚዞርበት ብዛት) መታሰብ አለበት። መደበኛው 3.909 ነው፤ በዚህ ጥምርታ ያለ ኦቨርድራይቭ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ሞተሩ በደቂቃ ወደ 3,500 ዙር ይዞራል። ጉልበት ያለው ሞተር በዚህ ጥምርታ ሲነዳ ይጮኻል፣ ቤንዚን ይበላል፣ አንደኛ ማርሹም ከንቱ ይሆናል። ቪ8ቱ የወጣው በ3.07 ነበር። ፍሬንን በተመለከተ፣ ከ130 የፈረስ ጉልበት በላይ የሚያስገባ ሰው የፊት ዲስኩንና ካሊፐሩን ወደ ቪ8ቱ ደረጃ ሳያሳድግ መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። የባሌስትራውና የአሞርዛተሩ ተራ ከዚያ ይቀጥላል።

ሞተሩ ኮፈኑ ሥር መግባቱን ከመግዛቴ በፊት እንዴት ልለካ?

ከፍታውን ከዘይት መያዣው ሥር እስከ አየር ማጣሪያው አናት፣ ርዝመቱን ከፊተኛው ፑሊ እስከ ካምቢዮው መጋጠሚያ ይለኩ። ቀጥሎ የዘይት መያዣው ጥልቅ ክፍል ከፊት ነው ወይስ ከኋላ የሚለውን ይመልከቱ፤ የኤምጂቢ የፊት ተሸካሚ ብረት ከሞተሩ ሥር ስለሚያልፍ፣ ጥልቀቱ ከፊት የሆነ ሞተር ሳይቀየር አይቀመጥም። ለመጨረሻው ማረጋገጫ፣ ሞተሩ በጊዜያዊነት ከተቀመጠ በኋላ ከፍ ባለው ነጥብ ላይ ጠንከር ያለ ሊጥ በላስቲክ ጠቅልሎ አድርጎ ኮፈኑን ቀስ ብሎ መዝጋትና መክፈት ነው። የተጨፈለቀው ሊጥ ውፍረት የቀረውን ክፍተት ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራ በማቀፊያው ጎማ ላይ ስለሚወዛወዝ ከ2 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ክፍተት አይበቃም።

በኤሌክትሪክ ሞተር መተካትስ?

ይቻላል፤ እየተለመደም ነው። ፈተናው ያለው ባትሪው ላይ ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ መኪና በኪሎ ሜትር ከ150 እስከ 200 ዋት ሰዓት ቢፈጅ፣ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከ100 እስከ 130 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ባትሪው በሞተሩና በቤንዚን ታንከሩ ቦታ ተከፋፍሎ ከተቀመጠ ሚዛኑ ይጠበቃል፤ ሁሉም ከኋላ ከተጫነ ግን የፊት ጎማው መንገዱን አይዝም።

ሞተር ብቀይር ሕጉ ምን ይላል?

እንደሚኖሩበት አገር ይለያያል። በብሪታንያ ከተሠራ 40 ዓመት ያለፈው መኪና ከዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ነጻ ሊሆን ይችላል፤ ባለፉት 30 ዓመታት ውስጥ በመሠረታዊ መልኩ ከተለወጠ ግን ነጻነቱን ያጣል። የዚያው ሞተር ሌላ መጠን፣ ወይም ፋብሪካው ራሱ ለዚያ ሞዴል ያቀረበው ሌላ ሞተር እንደ መሠረታዊ ለውጥ አይቆጠርም፤ የሲሊንደሩ ቁጥር ሲለወጥ ጥያቄ ይነሣል። ለሮቨር ቪ8 የፋብሪካ ታሪክ መኖሩ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የሞተር ቁጥሩና መጠኑ ሲለወጥ ለመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

በካሊፎርኒያ የ1975ና ከዚያ በፊት ሞዴል የሆኑ የቤንዚን መኪኖች ከጭስ ምርመራ ነጻ ናቸው። ከ1976 እስከ 1980 ያለው ኤምጂቢ ግን ይመረመራል፤ የሚገባው ሞተር ከመኪናው ሞዴል ዓመት ጋር እኩል ወይም አዲስ መሆን፣ የጭስ መቆጣጠሪያው ሁሉ ተሟልቶ መግባት፣ ሬፈሪ በሚባል ልዩ የመኪና መመርመሪያ ጣቢያም መታየት አለበት። በዚህ ምክንያት እዚያ ሞተር ለመቀየር የሚያስብ ሰው ገና መኪናውን ሲገዛ የ1975 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ቢፈልግ ብዙ ጣጣ ይቀርለታል። የትም ይኑሩ የትም፣ ለውጡን ለኢንሹራንስ ድርጅትዎ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ያልተነገረ ለውጥ አደጋ በደረሰ ቀን ካሣ ሊያስከለክል ይችላል።

ሞተሩን መቀየር የመኪናዬን ዋጋ ይቀንሰዋል?

የሚወሰነው በሥራው ጥራትና በመኪናው ብርቅነት ነው። ከ500 ሺህ በላይ ኤምጂቢዎች ስለተሠሩ፣ ተራ የ1970ዎቹ መኪና ላይ በጥንቃቄ የተገጠመ ሮቨር ቪ8 ዋጋውን ሊያሳድገው ይችላል። የ1962 ወይም የ1963 ባለ 3 ኩሺኔታ መኪና ከነመጀመሪያው ሞተሩ ካለዎት ግን አይንኩት፤ እንዲሁም እውነተኛ ጂቲ ቪ8 ወይም ኤምጂሲ ላይ ሌላ ሞተር ማስገባት ትልቅ ጉዳት ነው።

ከሁሉም በላይ ዋጋ የሚያሳጣው አካሉን መቁረጥ ነው። ኤምጂቢ ሻንሲ የለውም፤ አካሉ ራሱ ነው ጭነቱን የሚሸከመው፤ ስለዚህ የካምቢዮው መተላለፊያ ወይም የውስጥ ጭንፍር ሲቆረጥ ጥንካሬውም አብሮ ይሄዳል። ሁለት ሞተሮች በሌላው ሁሉ እኩል ከሆኑብዎ ያለ መቁረጥ በብሎን ብቻ የሚገባውን ይምረጡ። የወጣውንም ሞተር አይሽጡት። በየሲሊንደሩ ዘይት አፍስሰው፣ ካንዴላዎቹን መልሰው አጥብቀው፣ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ደፍነው፣ የቁጥሩን ብረት ሳይነቅሉ ከመሬት ከፍ አድርገው ያስቀምጡት፤ ቀጣዩ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ ያ ሞተር የት እንዳለ ነው።